ቼልተንሃም ላይ ያሸነፈ ጀማሪ ፈረስ በሚቀጥለው ዓመት ከላይኞቹ ጋር ይችላል? ምኑን አይታችሁ ነው የምታውቁት?

ዳማ_ከበርሚንግሃም፦

ሰላም ቤቶች። ባለፈው ስለ ግራንድ ናሽናል ስትጨቃጨቁ አይቻለሁና የፈረስ እሽቅድምድም የሚከታተል ሰው እዚህ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2025፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቼልተንሃም ሄድኩ፣ ያ እንግሊዝ ውስጥ መጋቢት ላይ የሚካሄደው ትልቁ የዝላይ ፈረሶች ፌስቲቫል። የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ነበረውና ረቡዕ ዕለት ይዞኝ ሄደ። እስከዚያ ቀን ፈረስ ሲሮጥ በቲቪ እንጂ በአካል አይቼ አላውቅም ነበር። አጥሩን ተደግፌ ቆሜ በፊቴ ሲያልፉ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የዕለቱ የመጀመሪያ ውድድር የጀማሪዎች መሰናክል ነበር፣ 2 ማይል ከ5 ፈርሎንግ፣ በእኛ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከ200። ዘ ኒው ላየን የሚባለው ፈረስ አሸነፈ። ያንን የመጨረሻ ዳገት ሲወጡ ዘ የሎው ክሌይና ፋይናል ዲማንድ አለቅህም ብለውት ነበር፣ ተናንቀው ተናንቀው አንድ ፈረስ ቁመት (ከአፍንጫ እስከ ጭራ ያለው ርዝመት) በማይሞላ ልዩነት ቀደመ። ጋላቢው ሃሪ ስኬልተን ነው፣ አሰልጣኙ ደግሞ ወንድሙ ዳን።

ባልደረባዬ እዚያው ቆሞ "የ2026ን ሻምፒዮን ሃርድል የሚወስደው ይሄ ነው፣ ኦዱ ሳይወርድ አሁኑኑ ቁረጥ" አለኝ፣ ተወራረድበት ማለቱ ነው። ሻምፒዮን ሃርድል እዚያው ቼልተንሃም ላይኞቹ የሚገናኙበት የመሰናክል ውድድር ነው። ስንመለስ ባቡር ላይ አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ አየርላንዳዊ ሰምቶን ሳቀብን። ስንት ሳምክሮ አይተናል፣ አለ። ሳምክሮ ማን እንደሆነ፣ በጀማሪነቱ ብዙ ተጠብቆበት የነበረ ፈረስ መሆኑን፣ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጀማሪ ፈረስ ከእኩዮቹ ጋር ሲያሸንፍ አይታችሁ "ይሄ ከላይኞቹ ጋር ይችላል፣ ያኛው ግን እዚሁ ይቀራል" የምትሉት ምኑን አይታችሁ ነው? በስንት ርቀት እንዳሸነፈ? ሰዓቱን? ዘሩን? አሰልጣኙን? ደግሞስ በ4 ኪሎ ሜትር ያሸነፈ ፈረስ ሻምፒዮን ሃርድል ላይ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሲወርድ ፍጥነት አያንሰውም?

ቲኬት_ቀዳጅ፦

ወንድሜ ዳማ፣ ምክሬ አጭር ነው። አትቁረጥ። ምክንያቱ ግን ረጅም ነው፣ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

በ2016 ሱፕሪም ኖቪስስ ሃርድልን አልቲዮር አሸነፈ። ማክሰኞ ፌስቲቫሉን የሚከፍተው የጀማሪዎች ውድድር ማለት ነው። ሚን ሁለተኛ፣ ቡቨር ዴር ሦስተኛ። እኔ አልቲዮርን አይቼ አበድኩ። በማግስቱ ለ2017 ሻምፒዮን ሃርድል ቆረጥኩበት። ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ ባለቤቴ ይሄን ቤት ታነባለች። መኸር ላይ አሰልጣኙ ኒኪ ሄንደርሰን ፈረሱን ወደ ትልቁ አጥር ወሰደው። አለቀ። ፈረሱ ሳይሰለፍ እኔ ተበላሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ወራት ቀድመህ ከቆረጥክ ፈረሱ ባይሮጥም ገንዘብህ አይመለስም። ይሄንንም ያወቅኩት ሱቁ ድረስ ሄጄ ከተጨቃጨቅኩ በኋላ ነው። ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ደቃቁን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። በጣም በትሕትና። እሱ ነው ያናደደኝ።

አሁን የሚያስቀውን ስማ። ሦስተኛ የወጣው ቡቨር ዴርም የሄንደርሰን ፈረስ ነው። እሱንም ወደ ትልቁ አጥር ወስደውት ሁለቴ ሮጦ ሁለቴ አሸነፈ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩና ወደ ትንሹ መሰናክል መለሱት። የ2017ን ሻምፒዮን ሃርድል ማን ወሰደ? ቡቨር ዴር። የ2018ንስ? ራሱ። አልቲዮር ደግሞ በትልቁ አጥር የጀማሪዎቹን ውድድር አርክልን ወስዶ፣ በ2018ና በ2019 የላይኞቹን ቻምፒዮን ቼዝን ደገመና፣ ከመሰናክሉ ጋር ተደምሮ 19 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ስለዚህ ፈረሱን እኔ በትክክል ነበር ያየሁት! ጉድ የሆንኩት የሚሄድበትን ስላላወቅኩ ነው።

እና አንተ የጠየቅከው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ፈረሱ ጎበዝ ነው ወይ? ሰዎቹስ ምን ሊያደርጉበት አስበዋል? ኪስህን የሚያራግፈው ሁለተኛው ነው።

የፒያሳ_ልጅ፦

ይቅርታ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እሽቅድምድም የማውቀው እግር ኳስ ቤቲንግ ቤት ስገባ በቲቪው ጥግ ላይ ሲያልፍ ነው 😂 "ጀማሪ" ስትሉ ትንሽ ልጅ ማለት ነው? ትልቁ አጥርና ትንሹ መሰናክልስ? ሁለቱም መዝለል አይደለም እንዴ?

ባዝራ_ኪልዴር፦

የፒያሳ ልጅ፣ ምንም ይቅርታ አያስፈልግም፣ እዚህ ያሉትም ግማሾቹ ሳይገባቸው ነው የሚቆርጡት (ቲኬት ቀዳጅ፣ አንተን አይደለም)። ጀማሪ ማለት የውድድር ዘመኑ ሲጀምር በመሰናክል ውድድር አሸንፎ የማያውቅ ፈረስ ነው። ዕድሜ አይደለም። የአራት ዓመትም የሰባት ዓመትም ጀማሪ አለ። ትንሹ መሰናክል ቁመቱ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ ከእንጨት የተሠራ ተነቃቃይ ነገር ነው፣ ፈረሱ ቢመታው ይተኛል። ትልቁ አጥር ከ1 ሜትር ከ37 ይጀምራል። እሱ አይተኛልህም፣ ያስተኛሃል እንጂ። ለዚህ ነው ሁለቱ የተለያየ ፈረስ የሚፈልጉት። ትንሹን መሰናክል ጎበዝ ፈረስ ዘለለው አይባልም፣ ሩጫውን ሳይሰብር ተሻገረው ነው የሚባለው።

ወደ ዳማ ጥያቄ ልምጣ። እኔ አየርላንድ፣ ኪልዴር ውስጥ አንድ ጋጣ ነው የምሠራው፣ አራተኛ ክረምቴ ነው። የማንን ጋጣ አትጠይቁኝ። ሥራዬ ማብላት፣ ማጽዳት፣ ጠዋት ጠዋት ማንቀሳቀስ ነው። አባቴ የእንጅባራ ሰው ነው፣ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣ። ፈረስ ሊገዛ ሲሄድ አስሩጡልኝ አይልም። አስኪዱልኝ ነው የሚለው። የኋላ ኮቴው የፊተኛው ኮቴ የረገጠበትን አልፎ ማረፉን ጎንበስ ብሎ ያያል። እዚህ መጥቼ ያገኘኋቸው አየርላንዳውያን ሽማግሌዎችም የሚያዩት ያንኑ ሆኖ ሳገኘው በጣም ነው የሳቅኩት።

እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጓም መንጠቅ። ጀማሪ ፈረስ ብዙ ጊዜ ይነጥቃል፣ አንገቱን ይወጥርና ከጋላቢው ጋር ይታገላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ "ይሄ አቅሙን ይጨርሳል" ይላል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። የጀማሪ ውድድር ብዙውን ጊዜ ሲጀምር ይንቀራፈፋል፣ ማንም መምራት አይፈልግም፣ ፈረሱ ደግሞ መሮጥ ይፈልጋል። ያው ፈረስ ሻምፒዮን ሃርድል ውስጥ ሲገባ ከመነሻው ስለሚበሩ የሚታገለው ነገር ያጣና ጸጥ ይላል። እኛ ጋ አንድ እንደዚህ ያለ ነበር፣ በጀማሪነቱ እጄን አቁስሎኛል፣ ከትልልቆቹ ጋር ሲሮጥ እንደ በግ ሆነ። ተቃራኒውም አለ፣ ቀስ ባለ ውድድር መጨረሻ ላይ 400 ሜትር ተወርውሮ ያሸነፈ፣ ከመነሻው ሲበሩበት ግን ትንፋሽ የሚያጥረው።

ሁለተኛ፣ መሰናክሉ ጋ ሲደርስ የሚያደርገው። ርቀቱን ሲስት ምን ያደርጋል? ጎበዙ እግሩን ያሳጥርና ቶሎ ያልፋል። ሰነፉ ከሩቅ ይወረወራል ወይም ደረቱን ሰጥቶ ይገጫል። ከጀማሪ ጋር ገጭተህም ታሸንፋለህ። ከላይኞቹ ጋር በአንድ ግጭት ሁለት ቁመት ትከፍላለህ፣ ስምንት መሰናክል አለ፣ ደምረው።

ሦስተኛው ከሜዳ ውጪ የማይታይ ነው። በማግስቱ ጠዋት አጃውን ጨርሷል ወይስ ትቶታል? አንድ ከባድ ውድድር ሮጦ ለሳምንት ሆዱ የሚዘጋ ፈረስ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከላይኞቹ ጋር መገናኘት አይችልም። ጥሩ የተባለ ፈረስ ድንገት ሲጠፋም ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮውን ሲያይ አክታ ያገኛል። ሰዉ "ውሸት ነበር" ብሎ ጽፎታል፣ ፈረሱ ግን ታሞ ነው። በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ ፈረሱ የመተንፈሻ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ሲሮጥ ፕሮግራሙ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ዳማ፣ ያቺን ትንሽ ምልክት ማንበብ ልመድ።

ጋሼ_ሰዓት፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የባዝራን ጽሑፍ ሳነብ ደስ አለኝ፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ለንደን ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ እዚህ ቤት የማውቀው በሰዓት ነው፣ እንደ ስሜ።

ዳማ ልጄ፣ "በስንት ርቀት አሸነፈ" የምትለዋን መጀመሪያ ጣላት። እንዲህ ስል አስረጅ አለኝ። በ2021 አፕሪሺየት ኢት ሱፕሪምን በ24 የፈረስ ቁመት አሸነፈ። በ2022 ኮንስቲትዩሽን ሂል ያንኑ ውድድር በ22 አሸነፈ። በርቀት ከሄድክ የመጀመሪያው ይበልጣል። ከዚያስ? አፕሪሺየት ኢት በሚቀጥለው ዘመን እስከ መጋቢት ሳይሮጥ ቆይቶ በቀጥታ ሻምፒዮን ሃርድል ላይ ተሰለፈና ካሸነፈችው ከሃኒሰክል በጣም ርቆ ቀረ። ኮንስቲትዩሽን ሂል በ2023 ሻምፒዮን ሃርድልን ስቴት ማንን በ9 ቁመት ጥሎ ወሰደ።

ልዩነቱ የት ነበር ብትል፣ ሰዓቱ ላይ ነበር። በ2022 ማክሰኞ ዕለት ሱፕሪምና ሻምፒዮን ሃርድል በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በተመሳሳይ ርቀት ነው የተሮጡት። ጀማሪው ኮንስቲትዩሽን ሂል ከሻምፒዮኗ ከሃኒሰክል በሰከንዶች ፈጥኖ ገባ፣ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያልሞላ። እርግጥ የሱፕሪሙ ፍጥነት ከመነሻው የሚያቃጥል ነበር፣ የሻምፒዮኗ ውድድር ደግሞ ረጋ ያለ፣ ስለዚህ ሰዓቱን እንዳለ አትውሰደው። ግን እንዲያ ሲበሩ አብሮ በርሮ፣ ሌሎቹ ሲደክሙ እሱ ገና ልጓም ላይ ነበር፣ ጋላቢው ገና አልገፋውም። ያንን ቀን ሰዓት ያየ ሰው ርቀቱን ማየት አላስፈለገውም።

ቀጥሎ፣ ማንን አሸነፈ የሚለው ነው። ግን በዕለቱ አይታወቅም፣ ይቆያል። ኮንስቲትዩሽን ሂል 22 ቁመት የጣለው ጆንቦን በ2023ና በ2024 ቲንግል ክሪክ የሚባለውን የትልቁ አጥር ውድድር ሁለቴ ያሸነፈ ፈረስ ሆነ። አሁን ወደኋላ ስታየው ያ 22 ቁመት ስንት እንደሚመዝን ይገባሃል። እኔ ደብተር አለኝ፣ ከእያንዳንዱ የጀማሪ ውድድር ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን እጽፋለሁ፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ከቼልተንሃም ቀጥለው በሚመጡት ፌስቲቫሎች፣ አይንትሪና ፓንችስታውን ላይ፣ ምን እንደሠሩ አያለሁ። ወርቁ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የ2013 ሱፕሪም ሦስተኛ ጄዝኪ ነበር፣ ሁለተኛ ማይ ቴንት ኦር ዩርስ። በ2014 ሻምፒዮን ሃርድል ላይ ጄዝኪ አንደኛ፣ ማይ ቴንት ኦር ዩርስ ሁለተኛ። ያሸነፋቸው ሻምፓኝ ፊቨር ወደ ትልቁ አጥር ሄዶ ነበር። በ2011 ደግሞ ሦስተኛ የወጣው ማን ነበር? ስፕሪንተር ሳከር፣ ኋላ በትልቁ አጥር ሻምፒዮን የሆነው! በ2000 ሁለተኛ የወጣው ቤስት ሜት ነው፣ የትልቁ አጥር ታላቁን ውድድር ጎልድ ካፕን ሦስቴ የበላው።

ቲኬት ቀዳጅ ያለው እውነት ነው። ከ1999 ወዲህ ሱፕሪምን ካሸነፉት ውስጥ ኋላ ሻምፒዮን ሃርድልን የወሰዱት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ኦር ላ ሏ ትሮዋ፣ ብሬቭ ኢንካና ኮንስቲትዩሽን ሂል። ይሄን ሰምቶ "የሱፕሪም አሸናፊ ሰነፍ ነው" የሚል ሰው አለ። አይደለም። ብዙዎቹ ጭራሽ አልሞከሩትም። አልቲዮር፣ ዱቫን፣ ቮቱር፣ አል ፌሮፍ፣ ሁሉም ወደ አጥር ሄደዋል። ሲገዙም ለአጥር ነበር የተገዙት።

አሁን ወደ አንበሳህ። የ4 ኪሎ ሜትሩ ነገር አያስፈራህ። ኢስታብራክ በ1997 ያንኑ ውድድር አሸንፎ ከ1998 እስከ 2000 ሻምፒዮን ሃርድልን ሦስቴ ተከታትሎ ወሰደ፣ በ2001 በከብት በሽታው ምክንያት ፌስቲቫሉ ባይሰረዝ አራተኛውንም የሚል ብዙ ሰው አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ። ሃርዲ ዩስታስ በ2003 እዚያው አሸንፎ በ2004 በ33 ለ1 ኦድ፣ ብዙ ሰው ሳይጠብቀው፣ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2005 ደገመው። ፎጊን በ2014 እዚያው አሸንፎ በ2015 ሻምፒዮን። ሮክ ኦን ሩቢ በ2011 ለጥቂት ሁለተኛ ወጥቶ በ2012 ሻምፒዮን። ለምን ይመስልሃል? ሻምፒዮን ሃርድል አጭር ቢሆንም ከመነሻው ይበረራል፣ መጨረሻው ደግሞ ያ ያየኸው ዳገት ነው። እዚያ ላይ ፍጥነት ብቻ ያለው ይቆማል። ሳንባ ያለው ይደርሳል። ግን ሳንባ ብቻም አይበቃም፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው መሰናክል ላይ ከቦታው ሳይወጣ መቆየት አለበት። ዘ ኒው ላየንን ደግመህ ስታየው እሱን እይ፣ ሲበሩ ጋላቢው መግፋት ጀምሮ ነበር ወይስ እጁ ገና ጸጥ ብሎ ነበር?

ዳማ_ከበርሚንግሃም፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያብራሩልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሳምክሮም እኮ ያንኑ የ4 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው ያሸነፈው። እሱስ ምን ነካው?

ጋሼ_ሰዓት፦

አይ ሳምክሮ። በ335 ሺህ ፓውንድ ነው የተገዛው፣ በ2018 አሸነፈ፣ በዚያ ወር አየርላንድ ውስጥ ስለሌላ ፈረስ የሚያወራ አልነበረም። ኅዳር ላይ ወደ 2 ማይል አወረዱት፣ ዳውን ሮያል ላይ ቤድሮክ የሚባል ፈረስ ቀደመው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ባሰ። ከዚያ የሳንባ በሽታ አገኘውና የ2019 ፌስቲቫል አመለጠው። ሰው ሁሉ ከሰረ አለው። በ2020 ግን በትልቁ አጥር እዚያው ቼልተንሃም ሜለንን በአፍንጫ ቀድሞ አሸነፈ። ስለዚህ ያ ባቡር ላይ ያገኛችሁት ሰውዬ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ሰው ከእሱ የጠበቀው ነው የከሰረው።

ቲኬት_ቀዳጅ፦

ጋሼ ሁሉንም ልክ ነዎት፣ ደብተርዎን ግን ማንም አይስጠኝ፣ እኔ እንደሆነ ደብተርም ኖሮኝ እበላለሁ።

ለምሳሌ የ2017ን ሱፕሪም ማን ያሸነፈው? ላባይክ። ግራጫ ፈረስ። ይሄ ፈረስ ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ፣ አልሮጥም ይላል። ገመዱ ይነሳል፣ ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ እሱ ቆሞ ያያቸዋል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ! የትኛው ደብተር ነው እሱን የሚጽፈው? በ25 ለ1 ጃክ ኬኔዲ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ተቀምጦበት፣ በዚያ ቀን ደስ አለውና ሮጠ፣ ሜለንን ጥሎ አሸነፈ። በሚቀጥለው ወር ፓንችስታውን ላይ ተጎዳና ሩጫው እዚያው አበቃ። ሻምፒዮን ሃርድል ይችል ነበር? እኔ እላለሁ አዎ፣ መሮጥ ካማረው።

ዘንድሮስ? ሻምፒዮን ሃርድል ላይ ኮንስቲትዩሽን ሂል መሃል ላይ ወደቀ። ስቴት ማን እየመራ መጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀ። ጎልደን ኤስ በ25 ለ1 ገባች። አምና የሴቶቹን የጀማሪ ውድድር ስታሸንፍ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለተሸነፈችው ስለ ብራይተርዴይስአሄድ ነበር፣ እኔም ጭምር። እና ምንድነው የምንለካው?

ባዝራ_ኪልዴር፦

ቲኬት ቀዳጅ፣ ይሄ "ዕድል ነው" ወሬ አይዋጥልኝም። ጎልደን ኤስ ስምንቱንም መሰናክል በእግሯ ተሻግራለች። ሌሎቹ አልተሻገሩም። እሱም እኮ ችሎታ ነው፣ ስሙ መሰናክል ነው! ኮንስቲትዩሽን ሂል ከሦስት ሳምንት በኋላ አይንትሪ ላይ እንደገና ወድቋል። በጀማሪነቱ የሚደነቅበት ያ ዝቅ ብሎ በፍጥነት መሻገሩ ነበር። ዝቅ ብለህ ስትሻገር ጊዜ ታተርፋለህ፣ ግን የስህተት ቦታህ ጣት ያህል ነው። አንድ ጊዜ ልብህ ከተጠራጠረ ደግሞ ይታወቃል። ሰው እንደሆነ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ እንላለን፣ ፈረስም እንደዚያው ነው።

አምና ከሷ ጋር ስላወዳደራችኋት ስለ ብራይተርዴይስአሄድ ግን ዝም አልልም። እሷ ያን ቀን ተሸነፈች ማለት አትችልም ማለት አይደለም። ኤፓታንትን አስታውሱ። በ2019 በዚያው የሴቶች የጀማሪዎች ውድድር ብዙ ገንዘብ ተቆርጦባት ከኋላ ቀረች፣ 50 ለ1 የነበረችው ኤግላንቲን ዱ ሴይ አሸነፈች። በዓመቱ፣ በ2020፣ ሻምፒዮን ሃርድልን የወሰደችው ማን ናት? ኤፓታንት። ሴቶቹ 3 ኪሎ ገደማ ይቀነስላቸዋል፣ ያ በራሱ ጥቂት አይደለም። ሃኒሰክል ደግሞ በጀማሪነቷ ቼልተንሃም ጭራሽ አልሄደችም። ፌሪሃውስ ላይ ነው ያሸነፈችው፣ እዚሁ አየርላንድ ውስጥ። ኸሪኬን ፍላይም እንደዛው፣ የጀማሪነት ፌስቲቫሉን አልሮጠም፣ ኋላ ሁለቴ ሻምፒዮን ሆነ፣ 22 የአንደኛ ደረጃ ውድድር አሸነፈ። ስቴት ማን በጀማሪነቱ መጋቢት ላይ የሮጠው ሃንዲካፕ (ጎበዙ ፈረስ ብዙ ክብደት የሚሸከምበት ውድድር) ነው፣ ካውንቲ ሃርድል። ዳማ፣ መጋቢት ላይ ያየኸውን ብቻ ይዘህ ከሄድክ እነዚህን ሁሉ አታያቸውም ነበር።

የፒያሳ_ልጅ፦

በዚህ ፍጥነት ከሄደ ነገ ፈረስ ልገዛ ነው። ባዝራ፣ የአባትሽን ስልክ ላኪልኝ 😂

ዳማ_ከበርሚንግሃም፦

እሺ፣ ውድድሩን ትናንት ማታ አራት ጊዜ ደግሜ አየሁት፣ አንዱን ያለ ድምፅ። ጋሼ እንዳሉኝ የጋላቢውን እጅ ብቻ ተከትዬ። አይኔ ገና አልሰለጠነም፣ አንዴ ጸጥ ያለ ይመስለኛል፣ ደግሜ ሳየው የገፋ ይመስለኛል። አራተኛው ላይ ባለቤቴ ላፕቶፑን ዘጋችው።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። አሁን አልቆርጥም። መጀመሪያ ሰዎቹ መሰናክል ላይ ያቆዩታል ወይስ ወደ አጥር ይወስዱታል የሚለው ይለይ። ከቆየ፣ ኅዳር ላይ ኒውካስል ፋይቲንግ ፊፍዝ የሚባል ውድድር አለ፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት ኬምፕተን ክሪስማስ ሃርድል አለ። እዚያ ጀማሪ ያልሆኑትን ሲገጥም አየዋለሁ፣ ሲበሩበት ምን እንደሚያደርግ። ኦዱ ይወርዳል፣ ይውረድ። ባልደረባዬ ግን ቀድሞ ቆርጧል፣ 50 ፓውንድ፣ ደቃቁን ጽሑፍ ላንብብልህ ስለው ሂድ አለኝ።

ባዝራ፣ አንዷን ብቻ ጨምሪልኝ። ከውድድሩ በፊት እዚያ ክቡ መናፈሻ ውስጥ ሲያዞሯቸው የቆምን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ላብ ያለበትን ፈረስ እያየ "ይሄ ፈርቷል" ይል ነበር። እውነት ነው?

ባዝራ_ኪልዴር፦

አንገቱ ላይና በኋላ እግሮቹ መሃል ነጭ አረፋ ከሆነ ተጨንቋል። ሙቀት ባለበት ቀን ትንሽ ላብ ግን ምንም አይደለም። ሁልጊዜ እንደዚያ የሚሆን ፈረስም አለ፣ ስለዚህ ከሌላ ጊዜው ጋር ነው የምታወዳድረው እንጂ ከጎኑ ካለው ፈረስ ጋር አይደለም። እኔ ጆሮውን ነው የማየው። ወደ ሰው የሚያዞር፣ ወደ ድምፁ የሚያዞር ጥሩ ነው። ወደኋላ ለጥፎ የሚሄደውን ተወው። እና የሚይዘውን ልጅ እይ፣ ልጁ ከጎተተው አንድ ነገር ነው፣ ፈረሱ ልጁን ከጎተተው ሌላ። አንድ ቀን እኔንም እንደዚያ ስጎተት ታየኝ ይሆናል።

ቲኬት_ቀዳጅ፦

ባለቤቴ አንብባዋለች። የ2016ቱ ስንት ነበር እያለችኝ ነው። ዳማ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ።